ቁልፉ ማን እጅ ነው?

ማታ መብራት ሲጠፋ በገዛ ቤትዎ ኮሪደር ሲያልፉ እርምጃዎን ያፈጠኑበት ጊዜ የለም? ቀን ልጆች ኳስ የሚያንከባልሉበት ያው ኮሪደር ነው። ጎቲክ የሚባለው የልብ ወለድ ዓይነት የቆመው በዚህ ስሜት ላይ ነው። መንፈሱ ዘግይቶ ይመጣል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይመጣም። ቤቱ ግን ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ጀምሮ አለ።

ስሙም ቢሆን የመጣው ከሕንፃ ነው፤ ጎቲክ ሹል ቅስት ያላቸው የጥንት የአውሮፓ ካቴድራሎች የተሠሩበት ስልት ነው። እንግሊዛዊው ሆራስ ዋልፖል ለንደን አጠገብ ያለውን ቤቱን በዚያ ስልት አሠርቶ ሲኖር፣ አንድ ሌሊት በሕልሙ በትልቅ ደረጃ አናት ላይ የጦር ጥሩር የለበሰ ግዙፍ እጅ አየ። ከሕልሙ ተነሥቶ የጻፈው «የኦትራንቶ ግንብ» እ.ኤ.አ. በ1764 ታተመ፤ የዘርፉ የመጀመሪያ ልብ ወለድ ይባላል።

በአን ራድክሊፍ «የኡዶልፎ ምስጢሮች» (1794) ውስጥ ደግሞ ወላጆቿ የሞቱባት ኤሚሊ ተራራ ላይ ወዳለ ግንብ ትወሰዳለች። መኝታ ክፍሏ ሁለተኛ በር አለው፤ መቀርቀሪያው ግን በውጭ በኩል ነው። እኔን ከጨለማውና ከነፋሱ ሁሉ ይልቅ የምታስፈራኝ ይህች መቀርቀሪያ ናት።

የተቆለፈ በርን ከሁሉ አብልጣ ያወቀችው ሻርሎት ብሮንቴ ትመስለኛለች። በ«ጄን ኤር» (1847) የአሥር ዓመቷ ወላጅ አልባ ልጅ ለቅጣት ቀዩ ክፍል ውስጥ ይቆለፍባታል። ክፍሉ ሰፊና ያማረ ነው፤ ቀይ መጋረጃ፣ ቀይ ምንጣፍ፣ ትልቅ አልጋ። እሳት ስለማይነድበት ይቀዘቅዛል፤ የአጎቷ ነፍስ የወጣውም እዚያው ነው። ሲመሽ ግድግዳው ላይ ብርሃን ሲንቀሳቀስ አይታ ትጮኻለች። የአጎቷ ሚስት መልሳ ትቆልፍባታለች፤ ልጅቷ ራሷን ትስታለች። ብርሃኑ ምናልባት ውጭ ሰው የያዘው ፋኖስ ነበር። ልጅን ለቅጣት ክፍል ውስጥ መዝጋት እኛም ዘንድ የማይታወቅ አይደለምና፣ ይህን ምዕራፍ ያነበበ ወላጅ ቁልፉን ሲያነሣ እጁ መዘግየቱ አይቀርም።

(መጽሐፉን ለማንበብ ካሰቡ ይህን አንቀጽ ይዝለሉት።) ጄን አድጋ በአስተማሪነት በተቀጠረችበት በቶርንፊልድ ከላይኛው ፎቅ የሴት ሳቅ ይሰማል። የምትስቀው መንፈስ አይደለችም፤ የቤቱ ጌታ የቆለፈባት ሕጋዊ ሚስቱ ናት። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና፣ ይህን ቤት እንድሸጥ ቢሰጠኝ «ጂ+2፣ ሰፊ ግቢ፣ ከግርግር የራቀ» ብዬ እጽፍ ነበር። አንዱም ውሸት የለበትም። ከግርግር የራቀ ማለት ግን ቢጮኹ የሚሰማ የለም ማለትም ነው።

ለዚህ ሁሉ ግንብ እንኳ አያስፈልግም። አሜሪካዊቷ ሻርሎት ፐርኪንስ ጊልማን በ1892 ባሳተመችው «ቢጫው የግድግዳ ወረቀት» ቤቱ ለሦስት ወር የተከራዩት ነው፤ ክፍሉም አየርና ፀሐይ የሞላበት። ሐኪም የሆነው ባል ልጅ ወልዳ የታመመችውን ሚስቱን ዕረፍት ያስፈልግሻል ብሎ እዚያ ያስቀምጣታል፤ መጻፍም ይከለክላታል። መስኮቶቹ የብረት ፍርግርግ አላቸው። አልጋው ከወለሉ ጋር ተቸንክሯል። እሷ ግን ክፍሉ ቀድሞ የልጆች እንደነበር ገምታ፣ ፍርግርጉ ሕፃናት እንዳይወድቁ የተሠራ ነው ብላ ታልፈዋለች።