«የአጸፋ ጥሪ»፦ ስለ አንድ የኮምፒዩተር መረብ ስያሜ

በስልክ መስመር ወደ ኮምፒዩተር መረብ ለመግባት ደንበኛ ሲደውል፣ ራውተሩ ማንነቱን አረጋግጦ መስመሩን ይዘጋና ራሱ ይደውልለታል። ይህን አሠራር «መልሶ መደወል» ብንለው ያው ደዋይ ዳግመኛ የደወለ ያስመስላል፤ «የመልስ ጥሪ» ብንለው የሠርግን መልስ ያስታውሳል። ስለዚህ «የአጸፋ ጥሪ» የሚለውን መርጠናል።

ይሁን እንጂ አንድ ልዩነት ሊጠበቅ ይገባል። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው የፒፒፒ የግንኙነት ደንብ ማሟያ፣ የሚደወልበት ቁጥር አስቀድሞ ከተያዘ መዝገብ እንዲወሰድ ወይም ደዋዩ ራሱ እንዲሰጠው ይፈቅዳል። የፊተኛው የይለፍ ቃል ሰርቆ ከሌላ ስልክ የሚደውለውን ያግዳል፤ የኋለኛው ግን የስልኩን ሒሳብ ከማዛወር አያልፍም። ስለሆነም «የመዝገብ አጸፋ ጥሪ» እና «የደዋይ ምርጫ አጸፋ ጥሪ» ብለን ለይተናቸዋል። ተርጓሚው ሁለቱን ቢያደባልቅ፣ ራውተሩን የሚያዘጋጀው ባለሙያ ጥበቃ በሌለበት ጥበቃ ያለ ይመስለዋል።