የመድኃኒት ኩባንያ ቦርድ ላይ የተቀመጡት ከየት መጡ? ለከብት ነጋዴስ ምን ይነግሩታል?

በሞያሌ፣ በቶጎጫሌ ወይም በመተማ በኩል ከብት የሚያሻግር ነጋዴ ስለ መድኃኒት የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ይገኛል ወይ፣ ስንት ነው፣ ይሠራል ወይ። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ከገበያው እጅግ ርቆ በአምራቹ ኩባንያ የዳይሬክተሮች ቦርድ ውስጥ ነው። ቦርድ የዕለት ሥራ አይሠራም። ዋና ሥራ አስፈፃሚውን ይሾማል፣ ያነሳል፤ ትልልቅ ግዢና ሽያጭ ያፀድቃል፤ ገንዘቡ ወደ የትኛው ዘርፍ እንደሚሄድ የመጨረሻውን ቃል ይሰጣል። በመሆኑም አባላቱ በምን ሙያ እንዳደጉ ማወቅ ኩባንያው ነገ የትኛውን እንስሳ እንደሚያስቀድም ለመገመት ይረዳል።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ዞኤቲስ ነው። ኩባንያው በ2013 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከፋይዘር ተለይቶ ራሱን ችሏል። በእንስሳት ጤና ዘርፍ የዓለም ትልቁ ሲሆን፣ በ2023 ገቢው 8.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር።

ከመድን፣ ከባንክና ከምግብ ፋብሪካ

ከ2013 ጀምሮ ቦርዱን ለዓመታት በሊቀመንበርነት የመሩት ማይክል ማካሊስተር የመጡት ከሰው ጤና መድን ነው፤ ሂዩማና የተባለው የመድን ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈፃሚ ነበሩ። ግሪጎሪ ኖርደን የዋይዝ፣ ፍራንክ ዳሜሊዮ የፋይዘር የፋይናንስ ኃላፊዎች ነበሩ። ሁለቱም ኩባንያዎች በዋናነት የሚታወቁት በሰው መድኃኒት አምራችነት ነው። ሉዊዝ ፓረንት በአሜሪካን ኤክስፕረስ የሕግ ጉዳዮች ኃላፊ፣ ሮበርት ስካሊ በሞርጋን ስታንሊ ባንክ ከፍተኛ ሥራ አመራር፣ ሳንጄይ ኮስላ በክራፍት የምግብ ኩባንያ የታዳጊ ገበያዎች ኃላፊ ሆነው ሠርተዋል። በ2015 የገቡት ፖል ቢሳሮ ደግሞ አክታቪስ የተባለውን የሰው መድኃኒት ኩባንያ መርተዋል።

በእነዚህ መካከል የእንስሳት ሐኪሞችም ነበሩ። በ2014 ዊሊ ሪድ ገቡ፤ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ዲን የነበሩ የበሽታ ምርመራ ባለሙያ ናቸው። በ2017 የገቡት ሊንዳ ሮድስ ሥራ የጀመሩት የወተት ላሞችን በማከም ነው፤ ወደ ቦርዱ ከመምጣታቸው በፊት ግን በአራታና ኩባንያ የውሻና የድመት መድኃኒት ምርምርን መርተዋል።

ይህ በራሱ ነውር አይደለም። አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ ኩባንያ የሂሳብና የሕግ አዋቂ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ሰው የሚጠይቀው በለመደው ነው። የፋይናንስ ሰው ስለ ትርፍ ህዳግ፣ የሕግ ሰው ስለ ተጠያቂነት፣ የሰው መድኃኒት ሰው ስለ አዲስ ግኝትና የባለቤትነት መብት ይጠይቃል። በቦረና ወይም በአፋር ቆላ ክትባቱ ያለ ማቀዝቀዣ ስንት ቀን ይቆያል የሚለውን ጥያቄ የሚያነሳው፣ እዚያ የሠራ ወይም እዚያ የሸጠ ሰው ነው።

2015፦ ከዝርዝር የወጡ ምርቶች

የቦርድ ወንበር ምን ያህል ክብደት እንዳለው በ2015 ታይቷል። ፐርሺንግ ስኩዌር የተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት በ2014 መጨረሻ የዞኤቲስን አክሲዮን በብዛት ገዛ። በ2015 መጀመሪያ ከኩባንያው ጋር ስምምነት ላይ ተደርሶ፣ የድርጅቱ ሰው የሆኑት ዊሊያም ዶይል ቦርድ ገቡ፤ ቢሳሮም የመጡት በዚያው ጊዜ ነው። በግንቦት ወር ኩባንያው ትልቅ የወጪ ቅነሳ ዕቅድ ይፋ አደረገ። ከ2,000 እስከ 2,500 ሠራተኛ እንደሚቀንስ፣ የተወሰኑ ፋብሪካዎችን እንደሚሸጥ ወይም እንደሚተው፣ ገቢያቸውና ትርፋቸው ዝቅተኛ የሆኑ 5,000 ያህል የምርት ዓይነቶችንም ከዝርዝሩ እንደሚያወጣ አስታወቀ።

አምስት ሺህ ሲባል አምስት ሺህ የተለያየ መድኃኒት ማለት አይደለም። አንዱ መድኃኒት በጠርሙሱ መጠን፣ በማሸጊያውና በሚሸጥበት አገር እየተለየ ይቆጠራል። ለአነስተኛ ገበያ ግን ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ባለ ትንሽ ጠርሙሱ ምርት ሲቀር ጥቂት ከብት ያለው ሰው ለመንጋ የተዘጋጀውን ትልቅ ጠርሙስ ይገዛል፣ ወይም ሳይገዛ ይቀራል።

ከላም ወደ ውሻ

ዞኤቲስ ከፋይዘር ሊለይ ሲል፣ በ2012፣ ከገቢው ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚገኘው ከከብት፣ ከአሳማ፣ ከዶሮና ከመሳሰሉት የእርባታ እንስሳት ነበር። በ2023 ስሌቱ ተገልብጧል፤ ሁለት ሦስተኛ ገደማ የመጣው ከውሻ፣ ከድመትና ከመሰሎቻቸው ነው። የውሻ ማሳከክን የሚያስታግሰው አፖኬል፣ የቁንጫና የመዥገር ክኒኑ ሲምፓሪካ ትልቅ ገበያ ሆነዋል። በ2024 ኩባንያው ከመኖ ጋር የሚደባለቁ መድኃኒቶቹን ለፊብሮ በ350 ሚሊዮን ዶላር ሸጧል።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ለውጡን ያመጣው የቦርዱ ሙያ ብቻ አይደለም፤ የውሻ ባለቤት ከኪሱ አውጥቶ ውድ መድኃኒት ስለሚገዛ ገንዘቡ ወደዚያው አመራ። ሁለት የእንስሳት ሐኪሞች ቦርዱ ላይ መቀመጣቸውም አቅጣጫውን አላስቀየረም። ስለዚህ የአባላቱ የሥራ ታሪክ የሚጠቅመው እንደ ቅድመ ምልክት ነው።

አፍሪካ በየትኛው በር ገባች?

በ2017 ዞኤቲስ ከቢልና ሜሊንዳ ጌትስ ፋውንዴሽን 14.4 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ አግኝቶ አልፋ የተባለ ፕሮግራም ጀመረ። ኢትዮጵያ፣ ናይጄሪያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ የታቀፉበት ሲሆን የምርመራ ላቦራቶሪን፣ የባለሙያ ሥልጠናንና የመድኃኒት አቅርቦትን ይመለከታል። ጠቃሚ ሥራ ነው። ለነጋዴው ትምህርት የሚሆነው ግን አፍሪካ የገባችበት በር ነው፤ ሥራው የተጀመረው በለጋሽ ገንዘብ ነው። በገበያ ትርፍ የቆመ አቅርቦት እና በድጋፍ የቆመ አቅርቦት ዕድሜያቸው አንድ አይደለም።

ገንዲ ይህን በግልጽ ያሳያል። ዛሬም በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጡት ዲሚናዚን እና አይሶሜታሚዲየም ገበያ ላይ የዋሉት በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሁለቱም መድኃኒቱን የለመደ ተሕዋስ ገጥሟቸዋል፤ አስመስለው የተሠሩና ከደረጃ በታች የሆኑም ተቀላቅለውባቸዋል። በሽታው ከባድ ሆኖ ሳለ አዲስ መድኃኒት ለአሥርተ ዓመታት የዘገየው ከብቱን የያዘው አርብቶ አደር እንደ ውሻ ባለቤት መክፈል ስለማይችል ነው።

ክፍተቱን የሚሸፍኑት በአብዛኛው የመንግሥት ተቋማት ናቸው። ደስታ መሰል የበግና ፍየል በሽታን፣ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትንና ሌሎችን የሚከላከሉ ክትባቶች በቢሾፍቱው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት፣ በኬንያው ኬቬቫፒ እና በደቡብ አፍሪካው ኦንደርስተፖርት ይመረታሉ። የክትባት ጥራት የሚመረምረው የአፍሪካ ኅብረቱ ፓንቫክም ያለው ቢሾፍቱ ነው። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚያስከትለውን ኪሳራ የቀንዱ ነጋዴ ያውቃል፤ ሳዑዲ ዓረቢያ በ2000 የጣለችው ዕገዳ የተነሳው በ2009 ነበር።

ነጋዴው ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ አስመጪው አንድን መድኃኒት በብቸኛነት አመጣለሁ ሲል አምራቹ ማን እንደሆነ ይጠይቅ። በአሜሪካ ገበያ አክሲዮን የሚሸጡ ኩባንያዎች በየዓመቱ ከባለአክሲዮኖች ጉባኤ በፊት የእያንዳንዱን የቦርድ አባል የሥራ ታሪክ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። ሰነዱ ለማንም ክፍት ነው። ከእርባታ እንስሳት የመጣ ሰው እየቀነሰ፣ የእርባታ ምርቶችም እየተሸጡ ከሆነ፣ ያ መድኃኒት ከመጥፋቱ በፊት ተተኪ መፈለግ ብልህነት ነው።

ሁለተኛ፣ ክትባት ሲገዛ የምርት ቁጥሩ በፓንቫክ መመርመሩን የሚያሳይ የምስክር ወረቀት ይጠይቅ።

ሦስተኛው ጉዳይ የማኅበራት ነው። የውጭ ኩባንያ ቦርድ ላይ የቀንዱ ነጋዴ ድምፅ የለውም። የመንግሥት ክትባት አምራቾችን የሚያስተዳድሩት ግን የአገሩ ሰዎች ናቸው። የነጋዴ ማኅበራት እነዚያ ወንበሮች ላይ ማን እንደተቀመጠ፣ ከመካከላቸው ከብት ነድቶ ወይም ኳራንቲን ውስጥ ሠርቶ የሚያውቅ ስንት እንደሆነ መጠየቅ ይችላሉ። ፍየሉ በርበራ ወይም ጅቡቲ ደርሶ በበሽታ ሲመለስ ኪሳራው የነጋዴው ነውና፣ ጥያቄውን ማንሳት ያለበትም እሱ ነው።