ያልተከፈለውን ግብር ማን ቆጠረው?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ብር እንዴት ይቆጠራል? መንግሥት «ይህን ያህል ግብር ተሰውሮብኛል» ሲል ቁጥሩን ከየት ያመጣዋል? መልሱ ደስ የሚል የምርምር ታሪክ አለው፤ ከፊሉም የኛው ሰዎች ሥራ ነው።

በምሥራቅ ወለጋ፣ ኑኑ ቁምባ ወረዳ የምታስተምር አንዲት መምህርትንና ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ሱቅ ያለውን ነጋዴ አስቡ። የመምህርቷ ግብር ደመወዟ እጇ ሳይገባ ይቆረጣል፤ ልደብቅ ብትል እንኳ መንገድ የላትም። ባለሱቁ ግን ሳሙናውንም ዘይቱንም የሚሸጠው በጥሬ ገንዘብ ነው። ማታ መሳቢያው ውስጥ ስንት እንደገባ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ዴንማርክ ውስጥ ከ40,000 የሚበልጡ ግብር ከፋዮች በዕጣ ተመርጠው ሲመረመሩ የታየውም ይኸው ልዩነት ነው። አሠሪ ወይም ባንክ ለመንግሥት ካሳወቀው ገቢ የተሰወረው ከ1 በመቶ በታች ሲሆን፣ ሰዎች ራሳቸው ብቻ ከሚያሳውቁት ግን 40 በመቶ ገደማ ጎድሎ ተገኘ። አገሩ ያው፣ ሰዉም ያው ነው፤ የተለየው ሌላ ሰው ገቢውን ማየት አለማየቱ ነው።

ዕጣውን ልብ በሉልኝ። የተጠረጠረውን ብቻ ብትመረምሩ የምታገኙት የተጠርጣሪውን ጉድለት እንጂ የአገሩን ልክ አይደለም።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። አበበ ሽመልስ፣ ዳንኤል ዘርፉ ጉራራና ፍሬው ወልደየስ ከቀድሞው የኢትዮጵያ ገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ጋር ሆነው ነጋዴዎችን በዕጣ ከፋፈሉ። ለአንዱ ወገን ኦዲት ሊመጣ እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ሄደ፤ ለሌላው ግብር ለምን እንደሚጠቅም የሚያስረዳ ደብዳቤ ደረሰ፤ ሦስተኛው ወገን ምንም አልተላከለትም። ማዳበሪያ የገባበትንና ያልገባበትን ማሳ ጎን ለጎን አቁሞ እንደማየት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት፣ ደብዳቤ ካልደረሳቸው ጋር ሲነጻጸር ማስጠንቀቂያው የትርፍ ግብሩን በ38 በመቶ፣ ማስረዳቱ ደግሞ በ32 በመቶ ከፍ አደረገው። እኔን የገረመኝ የሁለቱ መቀራረብ ነው። ነጋዴ የሚገባው ዱላ ብቻ ነው ለሚሉ ሰዎች ይህን ቁጥር ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ።

ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያም ተጠንቷል። ጁሊያ ማስካኚ፣ አንዱዓለም መንግሥቱና ፍሬው እንዳሳዩት መሣሪያው የሚከፈለውን ግብር ጨምሯል፤ ነገር ግን ሽያጩ ከፍ ብሎ ሲመዘገብ ድርጅቶቹ የሚያሳውቁት ወጪም አብሮ አደገ። መሣሪያው ሽያጭን እንጂ ግዢን አያይማ!

መሣሪያ የሌላቸው የወለጋ ትንንሽ ሱቆችስ? በአዋጅ 979/2008 ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ500,000 ብር በታች የሆኑት ደረጃ ሐ ተብለው በግምት እንዲከፍሉ ተደርጎ ነበር። ገማች ይመጣል፣ መደርደሪያውን ያያል፣ ይጠይቃል፣ የቀን ገቢ ይጽፋል። ባለሱቁ የፈራውን ያህል ዝቅ አድርጎ ይናገራል፤ ገማቹም ይህን ስለሚያውቅ ከፍ አድርጎ ይጽፋል። በ2009 ዓ.ም. ክረምት አዲሱ የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ በአምቦና በወሊሶ ሱቆች የተዘጉት እንዲህ ያለ ግምት ባለቤቶቹን ስላላሳመነ ነበር።

በወለጋ እንዲህ ከላይ የተቆረጠ ግብር መክፈል አዲስ ነገር አይደለም። የሌቃ ነቀምቴ ገዥዎች ሞረዳ በከሬና ልጃቸው ኩምሳ ለምኒልክ ወርቅ እየገበሩ አገራቸውን ራሳቸው ያስተዳድሩ ነበር፤ በነቀምቴው ቤተ መንግሥት የተገኙት ደብዳቤዎችም ታትመዋል። ያኔ ግብሩ የሚጠየቀው ከገዥው ነበር። ዛሬ ግን የእያንዳንዱ ሱቅ ገቢ ልኩ ይታወቅ እየተባለ ነው፤ ሥራው እጅግ ከባድ የሆነውም ለዚህ ይመስለኛል።

ሥልጣኑ ቢኖረኝ የማደርገውን ልንገራችሁ። የኑኑ ቁምባንና የነቀምቴን ባለሱቆች በዕጣ ሁለት ቦታ ከፍዬ፣ ሐምሌ ሳይገባ ለግማሾቹ ግምታቸው እንዴት እንደተሰላ በአፋን ኦሮሞ የሚያሳይ አንድ ገጽ ወረቀት እሰጣለሁ፤ የዕቃው ዓይነት፣ የቀኑ ሽያጭ፣ የትርፍ ህዳጉ፣ አቤቱታ የሚቀርብበት ቢሮ። ሐምሌ ሲያልቅ ከየትኛው ወገን ስንቱ እንደከፈለ፣ ስንቱ አቤት እንዳለ፣ ስንቱም ንግድ ፈቃዱን እንደመለሰ ከገቢዎች መዝገብ እቆጥራለሁ።