ከጦርነት በኋላ የሚተርፍ ሰቀቀን

ውጫሌ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውልና ከታሪክ ፈተና የማይቀረው አንቀጽ 17 ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ግን ጦርነቱ በዚህችው የአምባሰል ከተማ በኩል ወደ ሐይቅና ወደ ደሴ ሲዘልቅ ሕዝቡ ልጁን አዝሎ ተሰደደ። ኅዳር 27 ቀን ደሴ መያዟን መንግሥት አስታወቀ፤ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ። በወረቀት አለቀ ማለት ነው። ከዚያ አገር የመጣው የመኝታ ክፍል ጓደኛችን ግን ዛሬም በር በኃይል ሲዘጋ ይበረግጋል፤ እኛም፣ መናገሩ ያሳፍራል እንጂ፣ ስቀንበታል።

ሐኪሞች ይህን ድኅረ ሰቀቀን ሕመም ይሉታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች የመድፍ ድንጋጤ ሲሉት፣ በሽተኛውን ፈሪ ነው ብሎ የሚያሳፍረውም ጥቂት አልነበረም። የአሁኑን ስም የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች በመዝገባቸው ያሰፈሩት በ1980 እ.ኤ.አ. ነው።

በመሠረቱ መደንገጥ ሕመም አይደለም። ከአደጋው በኋላ ባሉት ሳምንታት መባነንና እንቅልፍ ማጣት የብዙ ሰው ዕጣ ሲሆን፣ አብዛኛውን በራሱ ጊዜ ይለቀዋል። ከወር በላይ ዘልቆ ሥራና ትምህርት ሲያሰናክል ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያለፈው ነገር እንደ ትዝታ ሳይሆን አሁን እንደሚፈጸም ሆኖ ይመለሳል። ሰውየው መጽሐፍ ገልጦ አንዱን መስመር ሦስት ጊዜ ቢያነብ አይገባውም፤ ጆሮው ውጭ ነው። ሕፃናት ደግሞ ያዩትን በጨዋታ ይደጋግሙታል። ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ደኅና መስሎ ቆይቶ የሚነሣበትም አለ። በእስር፣ በማሠቃየት ወይም በተደጋጋሚ ጥቃት የቆየ ሰው፣ ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ራሱን ይንቃል፣ ሰውንም ማመን ያቅተዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ መዝግቦታል።

የሚያታልለን ግን የሚደነዝዘው ነው። አያለቅስም፣ አይቆጣም፤ ሐዘን ቤት ሄዶ እንኳ ልቡ አይነካም። እኛ አገር ይህን ሰው «ቻይ ነው» ብለን እናመሰግነዋለን፤ ስለዚህ ማንም ሐኪም ዘንድ አይወስደውም።

ፀበሉም ዱዓውም ለሚያምንበት ትልቅ መጽናኛ ነው፤ ከሐኪም ጋር ጎን ለጎን ሊሄድም ይችላል። የሠለጠነ ባለሙያ ሕመምተኛውን ቀስ በቀስ እያናገረ የሚያክምበት ዘዴ ብዙዎችን ረድቷል። «ተናገረው፣ ይውጣልህ» ብሎ ማስገደድ ግን አይመከርም። እኛም ጓደኛችንን አልጠየቅነውም፤ አልጋውን በሩ ወደሚታይበት ማዕዘን አዛወርንለት እንጂ።