ሁለት ነጥብ የጨመረው ክንድ

ከስትሮክ በኋላ የተዳከመ ክንድ ምን ያህል እንዳገገመ የሚገልጸው ቁጥር፣ የአንድን ታማሚ ሕክምና ለመቀጠልም ሆነ አዲስ የልምምድ ስልት ሠራ ወይም አልሠራ ለማለት መነሻ ስለሚሆን፣ ቁጥሩ ራሱ ምን ያህል ይታመናል የሚለው ጥያቄ የተሃድሶ ሕክምና ባለሙያዎችን ለረጅም ዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። አስተማማኝነት የሚባለው፣ ታማሚው ሳይለወጥ ልኬቱ ሲደገም ወይም በሌላ ባለሙያ ሲወሰድ ተቀራራቢ ውጤት መስጠቱ ነው።

በሰፊው የሚሠራበት መለኪያ በ1975 እ.ኤ.አ. ስዊድናዊው ሐኪም አክሰል ፉግል-ማየር ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ሲሆን፣ የክንድና የእጅ ክፍሉ 33 መመዘኛዎችን ይዞ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 በመስጠት ድምሩን እስከ 66 ያደርሳል። ከነዚህ በአንዱ ታማሚው ክርኑን ሳያጥፍ ክንዱን ወደ ፊት እስከ ትከሻው ከፍታ እንዲያነሣ ይጠየቃል፤ ገና ሲጀምር ክርኑ ከታጠፈ ወይም ክንዱ ወደ ጎን ከሸሸ 0፣ ይህ የሆነው እንቅስቃሴው ከተጀመረ ቆይቶ ከሆነ 1፣ ቀጥ እንዳለ ከደረሰ 2 ያገኛል። «ገና ሲጀምር» የሚባለው የት ላይ እንደሚያበቃ የሚወስነው ግን የመዛኙ ዓይን በመሆኑ፣ አብረው ያልሠለጠኑ ሁለት ፊዚዮቴራፒስቶች አንዱን ክንድ እያዩ ሊለያዩ ይችላሉ። ሮናልድ ላይል የተባለ ተመራማሪ በ1981 ባሳተመው፣ በዋናነት ዕቃ በማንሣትና በማስቀመጥ ላይ በተመሠረተው ባለ 57 ነጥብ ፈተናም፣ በ«ደኅና» እና በ«ዘገየ» መካከል ያለው ወሰን ልቅ ስለነበር፣ በኋላ የመጡ መመሪያዎች ሙሉ ነጥብ ለማግኘት ተግባሩ በ5 ሰከንድ ውስጥ ይጠናቀቅ ብለው ጉዳዩን ለሰዓት አስረክበውታል። ለዚህ ዓይነቱ ችግር ከዚህ የቀለለ መፍትሔ ማግኘት ያስቸግራል።

ከዚህ የከፋው ችግር ግን በአስተማማኝነት ስሌቱ ውስጥ የተሸሸገው ነው። ጥናቶች አስተማማኝነትን አብዛኛውን ጊዜ የሚገልጹት ከ0 እስከ 1 በሚደርስ የተዛምዶ መጠን ሲሆን፣ ይህ መጠን የልኬት ስሕተቱን በታማሚዎቹ መካከል ካለው ልዩነት ጋር ስለሚያነጻጽር፣ ጣቱን እንኳ ማንቀሳቀስ የተሳነውና ሊድን የተቃረበው በአንድ ጥናት ሲደባለቁ ስሕተቱ ሳይቀንስ ቁጥሩ ወደ 1 ይጠጋል። የስታቲስቲክስ ባለሙያዎቹ ብላንድና አልትማን በ1986 በላንሴት መጽሔት ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ተዛምዶ ስምምነት ማለት እንዳልሆነ አስረድተው፣ ልዩነቱ በራሱ በመለኪያው ነጥብ እንዲገለጽ ጠይቀዋል። የአንድ ልኬት መደበኛ ስሕተት 2 ነጥብ ነው ቢባል፣ ሁለት ጊዜ ለተለካ አንድ ሰው በ95 በመቶ እርግጠኝነት ለውጥ ታይቷል ለማለት ወደ 5.5 ነጥብ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በሁለት ነጥብ የተሻሻለ ታማሚ መሻሻሉን ነጥቡ ብቻውን አያስረዳም፣ አልተሻሻለም ለማለትም አያስደፍርም።

ድምር ነጥብ የማይነግረው ሌላም ነገር አለ፤ ብርጭቆ ለማንሣት ክንዱን የሚዘረጋውና ወገቡን አጥፎ የሚደርሰው ታማሚ፣ ዕቃውን ማንሣታቸው ብቻ ከታየ እኩል ሊቆጠሩ ይችላሉ። በ2019 የወጣው የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ስብስብ ምክረ ሐሳብ፣ ብርጭቆ አንሥቶ መጠጣት በካሜራ እንዲለካ ያሳሰበው የእንቅስቃሴውን ጥራት ለማየት ነው። ይሁንና ካሜራውም የወንበሩ ከፍታና የብርጭቆው ቦታ ሁልጊዜ አንድ እንዲሆን የሚጠይቅ ሲሆን፣ ዋጋው ደግሞ ለብዙ የሕክምና ተቋማት አይቀመስም።