ዝንባሌ ከጣት ላይ አይነበብም

ከስልክ ወደ ስልክ የሚዘዋወር አንድ ወሬ አለ። የልጅን አሥር ጣቶች አሻራ አንስቶ፣ የትኛው የአንጎል ክፍል እንደሚበረታ አስልቶ፣ «ይህ ልጅ ለሕክምና ነው»፣ «ይህቺ ልጅ ሒሳብ አይሆንላትም» የሚል ባለቀለም ወረቀት የሚሰጥ ምርመራ አለ ይላል። በህንድና በማሌዥያ ይህ ምርመራ ለወላጆች መሸጥ ከጀመረ ቆይቷል። አሁን እኛም ዘንድ «የት ነው የሚሠራው?» የሚሉ እናቶችና አባቶች ያጋጥሙኛል። የአብዛኞቹ ልጅ ከ10ኛ ወደ 11ኛ ክፍል ሊሻገር፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ልግባ ወይስ የማኅበራዊ የሚለውን ሊወስን የተቃረበ ነው። ጭንቀታቸው ይገባኛል። ምርመራው ግን መሠረት የለውም፤ ጉዳቱም በሚከፈለው ገንዘብ ብቻ አያበቃም።

የአሻራውን ነገር ቶሎ እንጨርሰው። የጣት መስመሮች መፈጠር የሚጀምሩት ጽንሱ ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 «ሴል» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ መስመሮቹ ከጣት ጫፍ ላይ ከሦስት ቦታዎች ይነሳሉ፤ ከሥጋማው መሐል፣ ከጥፍሩ ሥርና ከመገጣጠሚያው እጥፋት። ከዚያ እንደ ሞገድ ይስፋፋሉ። የሚገናኙበት ቦታና ጊዜ ነው የአሻራውን ቅርጽ የሚወስነው። የቆዳ ሕዋሳት እርስ በርስ ከሚላላኳቸው ኬሚካሎች አንዱ ያነሳሳል፣ ሌላው ያግዳል። እንዲህ ያለ ማነሳሳትና ማገድ ብቻውን መስመርና ነጠብጣብ ሊፈጥር እንደሚችል የሒሳብ ሊቁ አለን ቱሪንግ ገና በ1952 በቀመር አሳይቶ ነበር። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች እንኳ አሻራቸው የሚለያየው ለዚህ ነው፤ በማኅፀን ውስጥ ያለች ጥቂት ልዩነት ሞገዶቹን ሌላ ቦታ ታገናኛቸዋለች።

ሻጮቹ የሚያሳዩት ማስረጃ የለም አልልም። በዳውን ሲንድረም የተወለዱ ልጆች የእጅና የጣት መስመር ከሌላው ለየት የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ ግን በክሮሞዞም ቁጥር ላይ የመጣ ለውጥ ብዙ የሰውነት ክፍሎችን አንድ ላይ ስለሚነካ ነው። ከዚያ ተነስቶ «የአውራ ጣቷ አሻራ እንዲህ ስለሆነ ፊዚክስ ይቅርባት» ወደሚል ድምዳሜ የሚያደርስ መንገድ የለም። የአሻራን ጥናት በ1892 በመጽሐፍ ያደራጀው ፍራንሲስ ጋልተን ችሎታ በዘር ይወረሳል ብሎ አጥብቆ የሚያምን ሰው ነበር። አሻራም የሰውን ዘርና ጠባይ ያሳያል ብሎ ተስፋ አድርጎ ፈልጎ ነበር፤ አላገኘውም። ሻጮቹ ስሙን የሚጠሩት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሃዋርድ ጋርድነርም በ1983 ስለ ልዩ ልዩ የማስተዋል ዓይነቶች ጻፈ እንጂ ከጣት ይነበባሉ አላለም፤ ከዚህ ምርመራም ራሱን አርቋል።

ከአሻራው የበለጠ የሚያሳስበኝ ከበስተጀርባው ያለው እምነት ነው። ዝንባሌ ከልጁ ጋር ተወልዶ የሆነ ቦታ ተደብቋል፣ የእኛ ሥራ ፈልጎ ማግኘት ነው የሚለው እምነት ማለቴ ነው። ወረቀቱን የማይገዙ፣ ልጃቸውን የሚወዱ፣ የተማሩ ወላጆችም ይህን ያምናሉ። ልጆቹም «ዝንባሌዬን ገና አላገኘሁትም» ሲሉ የጠፋ ዕቃ የሚፈልጉ ይመስላሉ።

ዝንባሌ በአብዛኛው የሚሠራ ነገር ነው። እኔ ልቆይበት የምፈልገው አንድ ዑደት ላይ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ በ1977 ሰው አንድን ሥራ መሥራት እችላለሁ ብሎ ማመኑ በሥራው ላይ ምን ያህል እንደሚጸና እንደሚወስን ጻፈ። ይህን እምነት እዚህ እችላለሁ ባይነት እለዋለሁ። በ1994 ሌንት፣ ብራውንና ሃኬት የተባሉ ተመራማሪዎች ሐሳቡን ወደ ሙያ ምርጫ አመጡት። እንደ እነሱ አባባል፣ ሰው የሚወደው «እችለዋለሁ» ብሎ ያመነበትንና «ጥሩ ነገር ያመጣልኛል» ብሎ የጠበቀውን ነው። ውዴታው ግብ ይወልዳል፣ ግቡ ወደ ሙከራ ይመራል፣ የሙከራው ውጤት ደግሞ ተመልሶ እችላለሁ ባይነቱን ያሳድገዋል ወይም ይሸረሽረዋል።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ የትምህርት ቤቷ ሚኒ ሚዲያ ውስጥ ገባች እንበል። የገባችው ጓደኛዋ ስለገባች ነው፤ ዝንባሌ የሚባል ነገር ገና የለም። ስለ ግቢው የውኃ እጥረት ዜና እንድትሠራ ተነገራት። ጥበቃውን ጠየቀቻቸው፤ ጥያቄዋ ረጅም ስለነበር «አዎ» ብለው ብቻ መለሱላት። ጠዋት በባንዲራ ሥነ ሥርዓት ላይ ስታነበው ድምጿ ተንቀጠቀጠ፣ ከኋላ የቆሙት አልሰሟትም። እዚህ ቦታ ላይ ሁለት መንገድ አለ። «ጋዜጠኝነት የእኔ ነገር አይደለም» ብላ ልትተወው ትችላለች። ወይም ክበቡን የሚመሩት መምህር «ጥያቄሽን ሁለት አድርገሽ ቁረጪው፤ መጀመሪያ ውኃው ስንት ቀን እንደጠፋ ጠይቂያቸው» ብለው ያሳዩዋታል። በሚቀጥለው ሳምንት ጥበቃው ውኃው ከጠፋበት ቀን ጀምረው፣ ከየት እየተቀዳ እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚሸከመው ሁሉ ነገሯት። ዜናው ሲነበብ ተማሪው ዝም ብሎ አዳመጠ። ያን ቀን ማታ የሬዲዮ ዜና ስትሰማ ጋዜጠኛው እንዴት እንደሚጠይቅ ማስተዋል ትጀምራለች። ፍላጎቷ የተነሳው እዚህ ነው፤ ከሁለተኛው ሙከራ በኋላ እንጂ ከመጀመሪያው በፊት አልነበረም። እንጀራ የሚጋግር ሁሉ የመጀመሪያዋ የምጣድ ማሟሻ መሆኗን ያውቃል፤ እሷ ተበላሸች ብሎ ሊጡን የሚደፋ የለም።

ባንዱራ እችላለሁ ባይነት ከአራት ምንጭ ይቀዳል ይላል። ዋነኛውና ብርቱው አሁን ያየነው ነው፤ ራስ ሠርቶ ማሳካት። ሁለተኛው እኔን የሚመስል ሰው ሲሳካለት ማየት ነው። የገጠር ትምህርት ቤት ተማሪ የከተማ ፕሮፌሰር ንግግር ቢሰማ የሚያገኘው ጥቂት ነው፤ ከዚያው ሰፈር ወጥታ የላቦራቶሪ ባለሙያ የሆነች ልጅ ግማሽ ቀን ብታነጋግረው ግን ነገሩ ይለወጣል። ሦስተኛው ከሰው የሚሰማው ቃል፣ አራተኛው በፈተናና በመድረክ ሰዓት ልቡ ሲመታ ያንን የሚተረጉምበት መንገድ ነው።

በሦስተኛው ላይ ቆም እንበል። ባንዱራ እንደሚለው በቃል መገንባት ከባድ ነው፣ በቃል ማፍረስ ግን ቀላል ነው። «ሒሳብ አይሆንላትም» የሚል ወረቀት የተሰጣት ልጅ ሒሳብ ላይ የምታጠፋውን ጊዜ ትቀንሳለች፤ ጊዜ ስትቀንስ ውጤቷ ይወርዳል፤ ወላጆቿም «ወረቀቱ እውነቱን ነው» ይላሉ። ትንበያው ራሱን በራሱ አሟላ። ምርመራው ትክክል ያልነበረውን ነገር ትክክል አደረገው። ይህን የምጽፈው በቁጭት ነው፤ ያለ ምርመራ በቤትና በክፍል ውስጥ «የእሷ ጭንቅላት ለቋንቋ ነው» የሚለው አነጋገርም ያንኑ ሥራ ይሠራልና።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የኦኪፍ፣ የድዌክና የዎልተን ጥናትም እዚህ ላይ ይረዳናል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በጠፈር ስላለው ጥቁር ጉድጓድ ማለፊያ ቪዲዮ አይተው ተማርከው ነበር። ቀጥሎ በዚያው ጉዳይ ላይ ከባድ ሳይንሳዊ ጽሑፍ ሲሰጣቸው፣ ፍላጎት ተሠርቶ ያለቀ ነገር ነው ብለው የሚያምኑት የበለጠ ቀዘቀዙ። «ዝንባሌዬ ቢሆን ኖሮ አይከብደኝም ነበር» ብሎ የሚያስብ ተማሪ የመጀመሪያው ከባድ ምዕራፍ ላይ ይሸሻል።

ዑደቱ ሳይጀመር የሚዘጋበትም ጊዜ አለ። ተመራማሪዋ ሊንዳ ጎትፍሬድሰን በ1981 እንዳብራራችው ልጆች ሥራዎችን ከመምረጣቸው በፊት ይሰርዛሉ። ከ6 እስከ 8 ዓመት ባለው ዕድሜ «የሴት ሥራ»፣ «የወንድ ሥራ» እያሉ፣ ከ9 ዓመት በኋላ ደግሞ «ይህ ዝቅ ያለ ሥራ ነው» እያሉ ይሰርዛሉ። የራሳቸውን ፍላጎት የሚመለከቱት 14 ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ነው፤ ያኔ ዝርዝሩ አጥሮ ይጠብቃቸዋል። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) እ.ኤ.አ. የ2018 ጥናትም በ41 አገሮችና የኢኮኖሚ ክልሎች ከ15 ዓመት ወንዶች 47 በመቶው፣ ከሴቶች 53 በመቶው በ30 ዓመታቸው ከአሥር ታዋቂ ሥራዎች በአንዱ እንሠራለን እንዳሉ አሳይቷል። እኛ አገር «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ሲባል «ዶክተር፣ ኢንጂነር፣ ፓይለት» የሚለው መልስ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው። ከመልሱ በስተጀርባ ያለው ብዙ ጊዜ የልጁ ዕውቀት ሳይሆን የሌላው ሥራ ሁሉ አለመታየት ነው።

አሁን እስካሁን ባልኩት ላይ ልጠንቀቅ፤ ክርክር ያለበት ነውና። በእችላለሁ ባይነትና በፍላጎት መካከል ዝምድና መኖሩ በብዙ ጥናት ታይቷል። የትኛው የትኛውን እንደሚቀድም ግን ያን ያህል አልጠራም፤ ብዙዎቹ ጥናቶች ሁለቱን በአንድ ጊዜ የለኩ ናቸው። ጄፍሪ ቫንኩቨርና ባልደረቦቹ ደግሞ ከመጠን ያለፈ እምነት ጥረትን ሊያላላ እንደሚችል በሙከራ አሳይተዋል። ስለዚህ ልጅን በባዶ ሜዳ «ትችላለህ» እያሉ ማወደስ የምለው ነገር አይደለም። ዘረመልም ምንም ድርሻ የለውም አልልም፤ የመንትዮች ጥናቶች በፍላጎት ልዩነት ላይ ድርሻ እንዳለው ያሳያሉ። ድርሻ መኖሩና አንድ ልጅ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ማንበብ መቻል ግን የተራራቁ ነገሮች ናቸው። ከሁሉ የሚከብደኝ ሌላ ነው። እነዚህ ንድፈ ሐሳቦች የተወለዱት ተማሪው ራሱ በሚመርጥበት አገር ነው። እኛ ዘንድ ለዓመታት 70 በመቶው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ሲመደብ ነበር። የትምህርት ክፍል የሚገኘውም በውጤት ተወዳድሮ ነው። ፍላጎት ብቻውን በር አይከፍትም።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ አለ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። አንድ ሙያ ብቻ ይዞ፣ ያንንም በዩኒቨርሲቲ በኩል ብቻ አስቦ የሚያቅድ ተማሪ በእነዚህ ቁጥሮች ፊት ዕቅድ አለው ማለት ይከብደኛል። ነርስ ለመሆን የምታስብ ልጅ በቴክኒክና ሙያ በኩል ያለውን መንገድም ከፈተናው በፊት ብታውቅ ይሻላታል።

ስለ ዕድሜ ደግሞ፣ ሎው የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት ትንተና ከ12 እስከ 40 ዓመት ያሉ ሰዎችን ፍላጎት የተከታተሉ ጥናቶችን ሰብስቦ አይቷል። ፍላጎት በጉርምስና ዘመን ብዙም ሳይረጋ ቆይቶ፣ በይበልጥ የሚረጋው ከ18 እስከ 22 ባለው ዕድሜ ነው። በ16 ዓመቱ «አላውቅም» የሚል ልጅ የዘገየ ነገር የለውም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ተማሪዎች የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ኮርሶች መውሰዳቸው ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ የትምህርት ክፍል ምርጫው ትንሽ ወደ ኋላ ተገፍቷልና። የ11ኛ ክፍሉ ምርጫ ግን አሁንም በ16 ዓመት ላይ ነው።

እስከዚያ ድረስ ያለውን ክረምት መጠቀም ይቻላል። አንድ ሥራ የሚሠራ ሰው ፈልጎ «ሥራህ ጥሩ ነው?» ሳይሆን «ትናንት ከጠዋት እስከ ምሳ ምን ሠራህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ፋርማሲስቷ መድኃኒት ከመስጠት ሌላ ቆጠራና ወረቀት ላይ የምታጠፋው ጊዜ እንዳለ፣ የግንባታ መሐንዲሱ የቀኑን ግማሽ ከሰው ጋር ሲነጋገር እንደሚውል የሚታወቀው እንዲህ ነው። ከዚያ ከሥራው ትንሽ ቁራጭ ራስ መሞከር፤ አንድ ገጽ መተርጎም፣ የአጎትን ሱቅ የሳምንት ሒሳብ መያዝ፣ ለታናሽ ወንድም ክፍልፋይ ማስተማር። ከመጀመሩ በፊት «ምን ያህል እወደዋለሁ፣ ምን ያህል እችለዋለሁ» የሚለውን ከ10 ነጥብ ሰጥቶ ደብተር ላይ መጻፍ፣ ሦስት ጊዜ ከሞከሩ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያውን ሳያዩ እንደገና መጻፍ ነው። ነጥቡ ወርዶም ከሆነ ደብተሩ ይያዝ፤ የ11ኛ ክፍል ቅጽ ሲሞላ አባትም ልጅም አብረው የሚያዩት ነገር ይኖራቸዋል።