አራት ጊዜ ዋንጫ የወሰደው ቡድን ስለ ምን ፈረሰ?

የኒው ዮርክ አሮውስ የቤት ውስጥ እግር ኳስ ቡድን አጭር ታሪክ

ስለ እግር ኳስ ቡድኖች ዕድሜ ሲነሣ ብዙ ሰው ያለ ምርመራ የሚቀበለው አንድ ሐሳብ አለ፤ ይኸውም ያሸነፈ ቡድን ይኖራል፥ የተሸነፈ ይጠፋል የሚል ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት እውነት ይመስላል። እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1984 ዓ.ም. በአሜሪካ የኖረው የኒው ዮርክ አሮውስ ቡድን ታሪክ ግን ለዚህ ሐሳብ ብርቱ ተቃራኒ ማስረጃ ነው። ይህ ቡድን በሊጉ የመጀመሪያዎቹን አራት ዋንጫዎች በተከታታይ ወሰደ፤ አራተኛውን ዋንጫ ካነሣ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ፈረሰ። በዚህ ጽሑፍ ቡድኑ እንዴት እንደ ተነሣና ስለ ምን እንደ ወደቀ ለማስረዳት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ጨዋታው ራሱ ምን ዐይነት እንደ ሆነ መግለጽ ያስፈልጋል። የሚጫወቱት በበረዶ ሆኪ አዳራሽ ውስጥ ነው። በበረዶው ላይ ሰው ሠራሽ ሣር ይነጠፋል፤ የሜዳው ርዝመት 61 ሜትር፥ ስፋቱ 26 ሜትር ያህል ይሆናል። ዙሪያው በሳንቃ ግድግዳ የታጠረ ስለ ሆነ ኳስ ግድግዳውን መትታ ስትመለስ ጨዋታው አይቆምም። በእያንዳንዱ ወገን በረኛውን ጨምሮ 6 ሰዎች ይሰለፋሉ፤ ተጫዋች መለወጥም ቍጥር የለውም። ጨዋታው በአራት ክፍል ተከፍሎ 60 ደቂቃ ይፈጃል። ጥፋት የሠራ ተጫዋች እንደ ሆኪው ሁሉ ለ2 ደቂቃ ወጥቶ ይቀመጣል። በዚያ ዘመን የግቡ ስፋት 3 ሜትር ከ66 ነበር፤ ይህም በሜዳ ከምናውቀው ግብ ስፋት ልክ ግማሹ ነው። ግቡ ቢጠብም ሜዳው አጭር በመሆኑ በአንድ ጨዋታ ዐሥርና ከዚያም በላይ ግብ መቈጠሩ እንግዳ ነገር አልነበረም።

የሊጉ ሐሳብ የተፀነሰው በ1974 ነው። በዚያ ዓመት በየካቲት ወር ከሶቪየት ኅብረት የመጣ ቡድን በፊላዴልፊያ ከተማ በስፔክትረም አዳራሽ ውስጥ ከፊላዴልፊያ አተምስ ጋር ተጋጥሞ 6 ለ 3 አሸነፈ። ግጥሚያውን ከ11 ሺህ በላይ ሕዝብ ተመለከተ። ከተመልካቾቹ አንዱ የነበረው ኤድ ቴፐር የሕዝቡን ደስታ አይቶ ጨዋታው ገበያ እንዳለው ተረዳ። በኋላም ከኤርል ፎርማን ጋር ሆኖ ሜጀር ኢንዶር ሶከር ሊግ የተባለውን ማኅበር አቋቋመ። ሊጉ በ6 ቡድኖች ሥራውን ጀመረ። የመጀመሪያው ግጥሚያ በታኅሣሥ 22 ቀን 1978 በሎንግ አይላንድ በናሶ ኮሊሲየም ተደረገ፤ አሮውስም ሲንሲናቲ ኪድስን 7 ለ 2 አሸነፈ።

አሮውስ ጠንካራ የሆነው ከባዶ ስላልተነሣ ነው። ከተጫዋቾቹ የሚበዙት በሜዳ ሊግ ይጫወት ከነበረው ከሮቸስተር ላንሰርስ የመጡ ናቸው፤ አሠልጣኙ ዶን ፖፖቪችም ከዚያው የመጣ ነው። በረኛው ሼፕ መሲንግ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ሲሆን በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ ለአገሩ የተሰለፈ፥ በ1977 ደግሞ ከኮስሞስ ጋር የአሜሪካን የሜዳ ሻምፒዮና ያገኘ ነበር።

የቡድኑ ዋና ኀይል ግን ስቲቭ ዙንጉል ነው። ይህ ሰው በዩጎስላቪያ ለሃይዱክ ስፕሊት ይጫወት ነበር። በ1978 መጨረሻ ወደ አሜሪካ መጥቶ በዚያው ቀረ። የአገሩ ፌዴሬሽን የመልቀቂያ ፈቃድ ስለ ነፈገው በፊፋ ሥር በነበሩት የሜዳ ሊጎች መጫወት ለዓመታት ተከለከለ። የቤት ውስጡ ሊግ ግን ከፊፋ ሥርዐት ውጭ ስለ ነበረ በሩ አልተዘጋበትም። ስለዚህ ከአውሮፓ አጥቂዎች መካከል የሚቈጠር ሰው ሙሉ ችሎታውን በሳንቃ ለታጠረ ጠባብ ሜዳ አዋለ። በ1980–81 የውድድር ዘመን በ40 ጨዋታ 108 ግብ አገባ። በዚያው ዘመን አሮውስ ከ40 ግጥሚያ 35ቱን አሸነፈ።

ዋንጫዎቹም ተከታተሉ። በ1979 ፊላዴልፊያ ፊቨርን፥ በ1980 ሂውስተን ሰሚትን፥ በ1981 ሴንት ሉዊስ ስቲመርስን በገዛ ከተማው 6 ለ 5፥ በ1982 ይህንኑ ስቲመርስን በአምስት ግጥሚያ 3 ለ 2 አሸነፈ።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። በሁለት ተከታታይ ዓመት በመጨረሻው ግጥሚያ የተሸነፈው ስቲመርስ በ1981–82 በአማካይ ከ17 ሺህ በላይ ተመልካች ወደ አዳራሹ ይጠራ ነበር። ስቲመርስ እስከ 1988 ሲቈይ አሸናፊው አሮውስ በ1984 ፈረሰ። ተሸናፊው ከአሸናፊው አራት ዓመት ዕድሜ የበለጠው ስለ ምን ነው? እኛ ሦስት ምክንያቶች ይታዩናል።

አንደኛ፥ ቡድኑ በሰው ቤት ይኖር ነበር። ናሶ ኮሊሲየም በዚያ ዘመን የኒው ዮርክ አይላንደርስ የሆኪ ቡድን ሜዳ ነበር። አይላንደርስም ከ1980 እስከ 1983 አራት ጊዜ በተከታታይ የአገሩን ታላቅ ዋንጫ ወሰደ። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት አሸናፊዎች ቢኖሩ የሕዝቡ ልብ ቀድሞ ወደሚያውቀው ያዘነብላል። ከዚያም በላይ ኒው ዮርክ ስፖርት የሞላባት ከተማ ናት፤ እግር ኳስ የሚወድ ሰው ደግሞ በሜዳው ሊግ ስመ ጥሩ የሆነው ኮስሞስ ነበረው።

ሁለተኛ፥ ተጫዋቾቹ ለአካባቢው እንግዶች ነበሩ። ሴንት ሉዊስ እግር ኳስን ከጥንት ጀምራ በየሰፈሩ የምታሳድግ ከተማ ስለ ሆነች ስቲመርስ የከተማይቱን ልጆች ያሰልፍ ነበር። ተመልካቹ የሚያየው የጎረቤቱን ልጅ ነው፤ ልጁ ቢሸነፍም አይተወውም። አሮውስ ግን በአንድ ጊዜ ከሌላ ከተማና ከባሕር ማዶ የተሰበሰበ ቡድን ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ እንዲሉ፤ ለጥቂት ዓመት ቢያደምቅም አላሰነበተም።

ሦስተኛ፥ ወጪው ከገቢው ይልቅ ፈጥኖ አደገ። በመጀመሪያው ዘመን እያንዳንዱ ቡድን 24 ግጥሚያ ያደርግ ነበር፤ በ1982–83 ቍጥሩ 48 ሆነ። ቡድኖቹም ከ6 ወደ 14 ከፍ አሉ፤ ጕዞውም እስከ ካሊፎርኒያ ደረሰ። የአውሮፕላን፥ የአዳራሽና የደመወዝ ወጪ የሚሸፈነው ከሁሉ በፊት በበር ከሚሸጠው ቲኬት ነው። ወንበሩ ባዶ ከሆነ የዋንጫው ብዛት ዕዳ አይከፍልም።

ውጤቱ ወዲያው ታየ። በ1983 አሮውስ ዙንጉልን ለካሊፎርኒያው ጎልደን ቤይ ኧርዝክዌክስ አሳልፎ ሰጠ። ምሰሶው የተነቀለ ቤት ጣሪያው አይቈምም፤ በዚያ ዓመት ዋንጫው ወደ ሳን ዲዬጎ ሄደ፤ በ1984 አሮውስ ሥራውን አቆመ። በ1986 በዚያው አዳራሽ ኒው ዮርክ ኤክስፕረስ የተባለ ሌላ ቡድን ተቋቋመ። እርሱም ከ26 ግጥሚያ 3 ብቻ አሸንፎ የውድድሩ ዘመን ሳያልቅ በ1987 ተበተነ።

ምናልባት አንባቢ፥ “ሊጉ ራሱ በ1992 ፈርሶ የለምን? እንግዲያስ ጥፋቱ የጨዋታው እንጂ የቡድኑ አይደለም” ሊል ይችላል። ይህ ተቃውሞ ዋጋ አለው፤ የሊጉ መሠረት ደካማ እንደ ነበረ አንክድም። ነገር ግን በአንድ ደካማ መሠረት ላይ ከቆሙት ቤቶች መካከል የትኛው ቀድሞ፥ የትኛው ዘግይቶ እንደ ወደቀ ስንመረምር ልዩነቱን ያመጣው የዋንጫ ቍጥር እንዳልሆነ እናያለን። ሕዝቡ “የእኛ” ያለው ቡድን ዘገየ፤ ሕዝቡ ያደነቀው እንጂ የራሱ ያላደረገው ቡድን ቀደመ።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ለእግር ኳስ ብቻ የሚሆን አይመስለንም። ማኅበር ለማቋቋም፥ ቲያትር ቤት ለመክፈት ወይም ጋዜጣ ለማሳተም የሚያስብ ሁሉ ሁለቱን ነገሮች ለይቶ ሊያያቸው ይገባል። መልካም ሥራ አድናቆትን ያመጣል፤ ዕድሜን የሚሰጠው ግን ሥራው የእኔ ነው ብሎ በየሳምንቱ የሚመለስ ሰው መኖሩ ነው። አሮውስ የመጀመሪያውን በብዛት አገኘ፤ ሁለተኛውን ሳያገኝ ቀረ። ስለዚህ ዋንጫ የሚደረደርበትን ሣጥን ከማሠራት አስቀድሞ፥ በአግዳሚው ላይ ማን እንደሚቀመጥ ማሰብ ይበጃል እንላለን።